ይነሳ

አየር የሚመጣው በፈረቃ ነው። መሃል ከተማው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይደርሰዋል፤ ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ያሉት ረጃጅም ብሎኮች ግን ረቡዕን ብቻ ነው የሚያውቁት። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮርኒሱ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ማጉረምረም ሲጀምር ልጆች በየኮሪደሩ «አየር መጣ!» እያሉ ይጮኻሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ቁጭ አይልም። ቁም ሳጥን ወለል ተደርጎ ይከፈታል፣ ፍራሽ በጎኑ ይቆማል፣ ጫማ በረድፍ ይሰጣል፣ የሳምንቱ ልብስ ሁሉ በአንድ ቀን ይታጠባል። የታመመ ሰው ካለ ማራገቢያው ሥር ይተኛል። ሐሙስ ልብስ የሚያጥብ ከተገኘ ወይ አዲስ ተከራይ ነው፣ ወይ የጎረቤት ጠብ ፈላጊ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማራገቢያው ጸጥ ይላል፤ እስከሚቀጥለው ረቡዕ ሰው የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል።

የውጪው አየር እንዳይገባ ተብሎ መስኮቶቹ ከታሸጉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ክረምቱም እንደ ድሮው ሦስት ወር ዘንቦ የሚሄድ አይደለም፤ ከግንቦት እስከ ኅዳር ይዘልቃል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሻጋታ ባይኖር ነበር የሚገርመኝ።

ስሜ አስካለ ነው፤ ሥራዬ ሻጋታ መፈለግ ነው። የሰው ቤት እገባለሁ፣ ቁም ሳጥን ከግድግዳ አስለቅቃለሁ፣ ምንጣፍ እገልጣለሁ፣ የእርጥበት መለኪያዬን ግድግዳው ላይ እሰካለሁ፣ በፕላስተር ናሙና እወስዳለሁ። ከሁሉም በላይ ግን አሸታለሁ። አፍንጫዬ ከመለኪያው ቀድሞ ያውቃል፤ በዚህ አልታማም።

በነዋሪው ፊት «ሻጋታ» ብሎ መናገር ነውር ነው። «እንግዳ» ነው የሚባለው። «እንግዳ ገብቶብናል እንዴ?» ብለው በሹክሹክታ ይጠይቁኛል። እንግዳ ገባበት የተባለ ቤት ልጁን ለመዳር ይቸገራል። ስለዚህ ሰዉ ይደብቃል፤ ቀለም ይቀባበታል፣ መጋረጃ ይሰቅልበታል፣ ቅዱስ ሥዕል ያንጠለጥልበታል።

ከእኛ በፊት ሥራውን የሚሠሩት ትንንሽ በራሪ መሣሪያዎች ነበሩ። ሰዉ በር ዘጋባቸው። አንድ አዛውንት አንዷን በመጥረጊያ መትተው ጥለው «ዝንብ መስላኝ ነው» ብለው ድርቅ ብለዋል። ሰው ሲያንኳኳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ቤቶች!» ብሎ የተጣራን ሰው ደጅ አቁሞ ዝም ማለት የእኛ ሰው አይችልበትም፤ ይሉኝታ ይገድለዋል። መሥሪያ ቤቱ ይህን ለማወቅ አራት ዓመት ፈጀበት። ካወቀ በኋላ እኛን ቀጠረ።

አለቃዬ ኤልዳና ናት። አለቃ ብቻም አይደለችም፣ አበልጄ ናት፤ ልጄን ደብሪቱን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። ደብሪቱ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ደረቷ ደካማ ነው። ሕፃን እያለች ስትተኛ የምታሰማው ፉጨት በር ዘግቼ እንኳ ይሰማኝ ነበር። አሁን የምንኖረው ሠራተኞች ሰፈር ነው፤ እዚያ ሰባቱንም ቀን አየር አለ። ቤቱ የተሰጠኝ ከሙያ ፈቃዴ ጋር ነው፤ ፈቃዱ ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ለዚያ ቤት ደጅ የጠናችልኝ ኤልዳና ናት። ከገባን በሦስተኛው ወር የደብሪቱ ፉጨት ጠፋ። ስለዚህ ኤልዳና «ነጭ ነው» ካለችኝ፣ ጥቁር መሆኑን ለማየት ዓይኔን አልገልጥም ነበር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ብሎክ 31 ማንንም አላስገባ ብሏል።

«ካንቺ በስተቀር ለማንም አይከፍቱም» አለችኝ። «የእድራቸው ዳኛ ድርቅ ያለ ሽማግሌ ነው። አንቺ ደግሞ ከሰው ትግባቢያለሽ።»

«ብሎክ 19ን መርምረው ሰዉን አስነሱት የሚባለውን ሰምተው ይሆናላ።»

«ወሬ ነው፣ አበልጄ። አገሩ ከወሬ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

አዲሱን ቅጽ አሳየችኝ። የድሮው ሁለት ገጽ አስተያየት ያስጽፍ ነበር። ይሄኛው አንዲት ሣጥን ብቻ አላት፤ የምትቀበለውም አንድ ቃል ነው። ይቆይ፣ ይታከም፣ ወይም ይነሳ።

«ግድግዳው ውስጥ ዘልቆ ከገባ ‹ይነሳ› በይ» አለች።

«ማነው የሚነሳው?»

«ሻጋታው ነዋ! ሰው የት ይሄዳል?»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ደብሪቱ ትሙት! አንድ ሰው ከቤቱ አይነቃነቅም። ፍቀው፣ አድርቀው፣ ለስነው ይሄዳሉ።»

በክርስትና ልጇ ማለች። ከዚያ በላይ ምን ልጠይቃት? ልወጣ ስል ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን በጣት የሚፈረምበት ሰሌዳ ወደ እኔ አዞረች። «እስቲ ይቺን ፈርሚባት። የቅጹ የቃላት መፍቻ ናት፤ ፎርማሊቲ ነው» አለች። ስልሳ አራት ገጽ ነበር። ጣቴን አሳረፍኩበትና ወጣሁ።

የብሎክ 31 የእድር ዳኛ ጋሽ ናሆም ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የሊፍት ሠራተኛ ናቸው፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው እማማ ሶልያና ናቸው። ናሆም፣ ሶልያና፣ ማራናታ፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ስም ሲጠራ ከዘራ የያዘ ሰው ነው ፊታችን የሚመጣው። የእኔ ወላጆች ዘመናዊ መሆን ስለፈለጉ አስካለ አሉኝ።

ማክሰኞ ደጃቸው ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ። በሩ የጣት ያህል ተከፈተ።

«አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«የመሥሪያ ቤት ልጅ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እሱ እንኳን ለልጅ አይሆንም» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። እየሳቁ በር መዝጋት አልሆነላቸውም፤ ገባሁ።

እማማ ሶልያና ጥጉ ላይ ተኝተዋል። ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። ያንን ፉጨት አውቀዋለሁ። በየሦስት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ገላቸው ይቆስላል። ጋሽ ናሆም ብቻቸውን ስለማይችሉ የፎቁ ጎረቤቶች ተራ ገብተዋል። የተራው ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል፤ አሥራ ስድስት ስም አለበት። ወረቀቱን ሳነብ አዩኝ።

«አየሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «እሷን በሕይወት ያቆያት መድኃኒት አይደለም፣ ይሄ ነው። እንግዳው እንዲወጣ ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ፤ ትንፋሿን እየጨረሰው ነው። ግን በር ከከፈትን ተነሱ ትሉናላችሁ። ከዚያ በዕጣ አንዱን ምሥራቅ አንዱን ምዕራብ ትበትኑናላችሁ። ያኔ ማን ያገላብጣታል?»

«ማንም አይነሳም፣ ጋሼ። የሚነሳው እንግዳው ነው።»

«እስቲ ማይ።»

«ልጄ ትሙት!»

«ስንት ልጅ አለሽ?»

«አንድ።»

«አንድ ልጅ ያለው ሰው በከንቱ አይምልም» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ነገ የአየር ቀን ነው፣ ሁላችሁም ቤት ናችሁ፣ ለልጅቷ ክፈቱላት እያሉ አርባውንም ቤት አንድ በአንድ ሲያንኳኩ ይሰማኝ ነበር።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። እንዲህ ያለ አቀባበል በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። 302 ቁጥር ያለችው ሴትዮ መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ የሰቀለችውን አዲስ መጋረጃ ራሷ ገለጠችልኝ፤ ከኋላው አረንጓዴ ነበር። 405 ያለው መምህር በየወሩ እየቀባ ግድግዳውን አሳብጦታል፤ በጥፍሬ ስነካው ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተላቀቀ። 511 ያሉት አባት የእመቤታችንን ሥዕል በሁለት እጃቸው አወረዱ፣ ተሳለሙ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ። ከሥዕሉ ጀርባ ጥቁር ነበር።

«ለሰው አሳይቼው አላውቅም» አሉኝ።

«አይዞዎት፣ አባባ። የሁሉም ቤት እንዲሁ ነው።»

የሁሉም ቤት መሆኑን ሲሰሙ ነፍሳቸው መለስ አለች።

በየቤቱ «ይነሳ» ብዬ ስጽፍ በትከሻዬ ላይ አጮልቀው ያነቡ ነበር። የ302ዋ ሴት ቃሉን ስታይ እልል አለች። ስንት ዓመት መጋረጃ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፣ ለምን እልል አትልም? ከአርባው ቤት በሠላሳ ስምንቱ ጻፍኩት። ጋሽ ናሆም ቤት፣ ከአልጋው ራስጌ፣ መለኪያው እስከ መጨረሻው ወጣ። እማማ ሶልያና ዓይናቸውን ከፈት አድርገው «ይሄድልኛል?» አሉኝ። «ይነሳል፣ እማማ» አልኳቸው። መረቁኝ፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ምርቃታቸው ሦስት ቦታ ተቆረጠ።

ሲመሽ ደክሞኝ፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ለደብሪቱ ስለ ጋሽ ናሆም ቀልድ ነገርኳት። ሥራዬን እወደው ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጋሽ ናሆም ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ሕፃኗ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ጋሼ። ምነው?»

«እስቲ በደንብ እያት። አሞኛል የምትለው ነገር የለም?»

«የለም። ምን ተፈጠረ?»

«ወረቀት መጣብን። ሠላሳ ስምንታችንም ተነሺ ተብለናል፤ በሃያ ቀን ውስጥ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን መሐላሽ ነው። ልጅቷ ላይ እንዳይደርስባት ብዬ ጸሎት አድርሻለሁ። አንቺን ያሞኘሽ ሰው አለ። ያንቺ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

ከቤቱ የሚወጣ ሰው ለእኔ ልጅ ጸለየ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ኤልዳና ቢሮ ሄድኩ።

ሻይ አዘዘችልኝ። አልነካሁትም።

«ማልሽልኝ እኮ!» አልኳት። «በደብሪቱ ማልሽልኝ!»

«ምን ብዬ ነው የማልኩት? ሻጋታው ይነሳል አልኩ። ሕንፃው ሲፈርስ ሻጋታው አብሮ ይነሳ የለም እንዴ?»

«አንድ ሰው ከቤቱ አይነቃነቅም ብለሻል።»

ብዕሯን አገላበጠች። «አስካለ» አለች። አበልጄ አላለችኝም። «ይሄን ሁሉ ግድግዳ ማን ፍቆ ይጨርሰዋል? ቦታው ከተፈለገ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሳይመረመር ማስነሳት አይቻልም፣ እነሱ ደግሞ በር አይከፍቱም። የሚከፍቱት ላንቺ ነው። አንቺም ካላመንሽበት ማስከፈት አትችዪም፤ ፊትሽ ያስታውቃል። ምን ላድርግ?»

ሰሌዳውን አዞረችልኝ። ገጽ አርባ ሰባት፦ «ይነሳ፦ ነዋሪን ብቻ ይመለከታል።» መጨረሻው ገጽ ላይ የጣቴ አሻራ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ልጄን ክርስትና ያነሳች እጅ ሠላሳ ስምንት ቤተሰብ አስነሳች፣ ያውም በእኔ ጣት። ውሸቷንስ እችለው ነበር። ያቃጠለኝ ቃሉን አስባ መምረጧ ነው። ‹ይነሳ› ሲባል ማን እንደሚነሳ አይጠራም፤ የሰማ ሁሉ የፈለገውን ይሰማበታል። እኔ ሻጋታ ሰማሁ፣ እማማ ሶልያና እፎይታ ሰሙ፣ መሥሪያ ቤቱ ሰው አነበበ። እንደማላጣራ ደግሞ ታውቅ ነበር፤ ስለምወዳት።

ከዚያው ብሎክ 31 ሄድኩና ለጋሽ ናሆም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ሳላነብ መፈረሜን ጭምር። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

«ሳታነቢ ነው የፈረምሽው?»

«ሳላነብ ነው።»

«በይ ይሄንኑ አቤቱታ ሰሚው ጉባኤ ፊት በይልን። ሌላ ጠበቃ አያስፈልገንም።»

«እላለሁ፣ ጋሼ።»

በዚህ ጊዜ ማይ አላሉኝም።

ጉባኤው የተሰየመው ሰኔ 14 ቀን ጠዋት ነው። ኤልዳና በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ምን ልትዪ እንደመጣሽ አውቃለሁ» አለች። «በዪ፣ አልከለክልሽም። ፈቃድሽ እዚያው ይሰረዛል፤ ቤቱን በሠላሳ ቀን ታስረክቢያለሽ። ከዚያ ደብሪቱ በረቡዕ አየር ልትኖር ነው? የክርስትና እናቷ ነኝ፣ ለእሷ አስቤ ነው።» እጄን ያዘችኝ። መመንጨቅ ነበረብኝ። አልመነጨቅኩም።

የጉባኤው ሰብሳቢ አጠር ያለች ሴት ናት፤ ጥያቄዎቿም አጫጭር ናቸው።

«‹ይነሳ› ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ማን ይነሳ ለማለት ነው?»

«ሻጋታው።»

«መፍቻው ነዋሪን ብቻ ነው የሚለው። ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲህ የሚቀረን አንድ ጥያቄ ነው። ሳያነቡ ፈርመው ከሆነ ሠላሳ ስምንቱም ቅጾች ውድቅ ይሆናሉ፤ ነዋሪው ባለበት ይቆያል፣ የእርስዎ ፈቃድ ይሰረዛል። አንብበው ከሆነ ቅጾቹ ይጸናሉ። አንብበው ነው የፈረሙት?»

ጋሽ ናሆም ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለጉባኤው ብለው ከረባት አስረዋል። እማማ ሶልያናን የዚያን ሰዓት የሚያገላብጡላቸው የ405ቱ መምህርና ሚስቱ ቀርተው ነው እሳቸው የመጡት። ፈገግ አሉልኝና አይዞሽ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጠዋት ስወጣ ደብሪቱ ተኝታ ነበር። ትንፋሿን ለመስማት ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አፏ ላይ ማድረግ ነበረብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥታ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

«አንብቤያለሁ» አልኩ።

ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ አፌ አመለጠኝ ይላል። አላመለጠኝም። አስቤ፣ ድምፄን አጥርቼ ነው ያልኩት። ውሳኔው አራት ደቂቃ ፈጀ። አዳራሹ ሲበተን የ302ዋ ሴት አጠገቤ መጥታ ቆመችና «ልጅሽን ያሳድግልሽ» አለችኝ። መርቃኝ ይሁን ረግማኝ ዛሬም አላወቅኩም። ኤልዳና ደግሞ ከኋላዬ ደርሳ «አበልጄ!» ብላ አቀፈችኝ። ስሙን መልሳ የሰጠችኝ እንደ እሷው ሆኜ ስላገኘችኝ መሰለኝ።

የጭነት መኪኖቹ የመጡት ሰኔ 24 ቀን ነው። ዝናቡ ያለ እረፍት ይወርዳል። ዕጣው ወጥቶ ነበር፤ በበሩ ወረቀት ላይ ከነበሩት አሥራ ስድስት ሰዎች ከጋሽ ናሆም ጋር አንድ ሰፈር የደረሰው የለም። እሳቸው የደረሳቸው በባቡር አራት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ነው። አየሩ ደረቅ ነው ይባላል። ማንም ግን አያውቃቸውም።

ለምን ሄድሽ አትበሉኝ። ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም።

የሊፍቱ መብራት ተቆርጧል። እማማ ሶልያናን በፍራሻቸው በደረጃ ሲያወርዷቸው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረስኩባቸው። ሦስት ጎረቤቶች ሦስቱን ማዕዘን ይዘዋል፤ አራተኛውን ጋሽ ናሆም ይዘው ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። እማማ ሶልያና ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ፉጨታቸው ደረጃውን ሞልቶታል። ሮጬ የጋሽ ናሆምን ማዕዘን ከሥር ደገፍኩ።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲሰድቡኝም ፈልጌ ነበር፤ ሰው የሚሰድበው የራሱን ሰው ነው። እሳቸው ግን ቆም አሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ በነጻ እጃቸው እጄን ቀስ አድርገው ከፍራሹ ላይ አነሱት።

«ይተዉት» አሉኝ። «እርስዎ አይድከሙ።»

ሰባ ስድስት ዓመት የሆናቸው ሰው አንቱ ብለውኝ ደረጃውን ወረዱ።